ከዶዘሩ በፊት

አዲስ አበባ ዳር ላይ አንድ ፕሮጀክት ሲጀመር ከሁሉም ቀድሞ የሚጠፋው የቅየሳ ድንጋይ ነው። ዛፍ ይቆረጣል፣ አጥር ይፈርሳል፣ ሰብል ይነሳል። እነዚህ ግን ጠያቂ አላቸው። ባለቤቱ ካሳዬ ይላል፣ ኮሚቴ መጥቶ ይቆጥራል፣ ይመዘገባል። ከመሬት አንድ ስንዝር ብቅ ያለው፣ አናቱ ላይ ፌሮ የተቀበረበት ኮንክሪት፣ እኛ ድንጋይ የምንለው፣ ግን የጠረጋው ዕለት ከሣሩና ከአፈሩ ጋር ተዝቆ ይሄዳል። ማንም አይጠይቅለትም። መጥፋቱ የሚታወቀው ከወራት፣ አንዳንዴም ከዓመታት በኋላ፣ ሁለት ጎረቤቶች ሲካሰሱ ወይም ሁለት ሥራ ተቋራጮች መሀል ላይ ሲጋጩ ነው።

እኔ ቀያሽ ነኝ። አብዛኛውን የሥራ ዘመኔን ያሳለፍኩት በከተማዋ ጠርዝ ነው። ቱሉ ዲምቱ፣ ኮዬ ፈጬ፣ ኪሊንጦ፣ ቦሌ አራብሳ፣ ለገጣፎ። ትናንት ጤፍ ያየሁበት ቦታ ላይ ዛሬ ኮብልስቶን ተነጥፎ፣ ፎቅ ቆሞ አገኛለሁ። ግንባታውን አልጠላም፤ እንጀራዬም ነው። ግን ይህ የድንጋይ ነገር ያንገበግበኛል። የሚያንገበግበኝም ሊድን የሚችል ነገር ስለሚጠፋ ነው።

ለማያውቅ ሰው ነገሩን በአጭሩ ልንገር። መሐንዲስ ወረቀት ላይ መንገድ ይስላል። ያ መንገድ መሬት ላይ የት እንደሚያርፍ የምናውቀው በእነዚህ ድንጋዮች ነው። መሣሪያችንን አንዱ ድንጋይ ላይ እናቆማለን፣ ሌላውን ድንጋይ እናነጣጥራለን፣ ከዚያ የቤቱ ማዕዘን፣ የቱቦው መስመር፣ የአጥሩ ጠርዝ ተለክቶ ይወጣል። እያንዳንዱ ድንጋይ የተመዘገበ ቁጥር አለው፤ ወደ ምሥራቅ ስንት፣ ወደ ሰሜን ስንት፣ ከባሕር ጠለል በላይ ስንት። ቢሮ ያለው ካርታና ሜዳ ላይ ያለው መሬት የሚገናኙት እዚያች ፌሮ አናት ላይ ነው።

የቁጥሮቹ የዘር ሐረግ ሩቅ ነው። የአገራችን ካርታዎች ለረጅም ጊዜ የተሠሩት አዲንዳን በሚባል መነሻ ነው። አዲንዳን በግብፅና በሱዳን ድንበር አካባቢ፣ አባይ ዳር የነበረች የኑቢያ መንደር ናት። ከ1950 ዓ.ም. አካባቢ ጀምሮ የአባይ ተፋሰስ በአሜሪካና በኢትዮጵያ ባለሙያዎች ሲለካ፣ ከተራራ ወደ ተራራ እየተያያዘ ወደ እኛ የመጣው የድንጋዮች መረብ ከዚያ ጋር የተቋጠረ ነው። በኋላ የአስዋን ታላቅ ግድብ ሲሠራ መንደሯ ከሐይቁ ሥር ገባች። ሰዎቿም ወደ ሌላ ቦታ ሰፈሩ። መረቡ ግን አልሞተም። በመንገዱ ሁሉ ሌሎች ድንጋዮች ቆመው ስለነበር፣ አንዱ የሌላውን ቦታ ይመሰክር ነበር።

ይህን ለወጣት ቀያሾች ደጋግሜ እነግራቸዋለሁ። አንድ ድንጋይ ቢጠፋ ጎረቤቶቹ ካሉ ቦታው ተለክቶ ይመለሳል። መመለስ የማይቻለው ጎረቤታሞቹ ሁሉ በአንድ ሳምንት ሲጠፉ ነው። መሀል ከተማ ውስጥ ቁፋሮ አንድ መንገድ ተከትሎ ስለሚሄድ አንዱ ቢሄድ ሌላው ይተርፋል። የከተማ ዳር ፕሮጀክት ግን ሰፊ ሜዳ በአንዴ ነው የሚጠርገው። ዶዘሩ ከሄደ በኋላ ዞር ብለህ የምታየው ሁሉ አዲስ አፈር ነው።

አሁን ወደ ከባዱ ነገር ልግባ። ሰው ሁሉ የሚፈራው የተነቀለውን ድንጋይ ነው። እኔ የበለጠ የምፈራው የተገፋውን ነው። የተነቀለ ድንጋይ ባዶ ቦታው ይናገራል፤ ሌላ ትፈልጋለህ፣ ትጨነቃለህ፣ ትጠይቃለህ። የሎደር ጎማ ገጭቶት 8 ሳንቲሜትር ፈቀቅ ያለ ድንጋይ ግን ቀጥ ብሎ ቆሟል፣ ቁጥሩም አናቱ ላይ አለ፣ ቀለሙም አልለቀቀም። ያመንከዋል። እሱን ይዘህ ትለካለህ፣ ቤቱ ይቆማል፣ አጥሩ ይታጠራል፣ ቱቦው ይቀበራል።

ከሁሉም የሚከፋው ደግሞ በቅን ልብ የተመለሰ ድንጋይ ነው። አንድ ፕሮጀክት ላይ ሥራውን ከሌላ ቡድን ተረክበን ስንጀምር በሁለት ድንጋዮች መሀል ያለው ርቀት ከተመዘገበው ጋር አልገጠመም። ልዩነቱ ከአንድ ክንድ ትንሽ ያንሳል። በእንዲህ ያለ ጊዜ ሁለት ድንጋይ ብቻ ይዘህ የትኛው እንደተንቀሳቀሰ ማወቅ አትችልም። ሁለቱም እኔ አልተነሳሁም ይላሉ። ዳኛ የሚሆነው ሦስተኛው ነው። ሦስተኛው እዚያው ኮረብታው ላይ፣ ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ሥር ተርፎ ነበር። ከእሱ ስንነሳ መንገድ ዳር ያለው እንደተነሳ ታወቀ። ፎርማኑን ጠየቅነው። «አዎ፣ ወድቆ አገኘሁት፤ ሰው እንዳያጣው ብዬ አስተካክዬ ተከልኩት» አለ። ሲሚንቶ ሳይቀር አስሮበታል። ሰውየው ጥሩ ሰው ነው። ድንጋዩ ዋጋ እንዳለው ገብቶታል። ያልተነገረው ነገር ቢኖር የድንጋዩ ዋጋ ቆሞ መታየቱ ሳይሆን ያለበት ቦታ መሆኑ ነው። የጎርፍ ቦዩ ግማሽ በዚህ ድንጋይ የተቀየሰው እሱ ከማስተካከሉ በፊት ነበር ወይስ በኋላ? ይህን ለማጣራት ያንን ሁሉ መስመር እንደገና ለካን።

የቦዩን ነገር ካነሳሁ፣ ከፍታም እንዳለ አትርሱ። አቃቂ ሜዳውን የሚያውቅ ያውቀዋል፤ ዝርግ ነው። በ1 ሜትር 5 ሚሊሜትር እየወረደ እንዲሄድ የታሰበ ቱቦ፣ የከፍታ ድንጋዩ በ20 ሳንቲሜትር ከተሳሳተ የ40 ሜትር መውረጃው ተበላ ማለት ነው። ክረምት ላይ ፍሳሹ ተመልሶ የሰው በር ላይ ሲተኛ ሁሉም ቱቦውን የቀበረውን ይረግማል። የድንጋዩን ታሪክ የሚያነሳ የለም።

አፈሩም የራሱ ጠባይ አለው። በዚያ በኩል አብዛኛው ዋልካ ነው። ክረምት ውኃ ጠጥቶ ያብጣል፣ በጋ ይሰነጠቃል፤ ስንጥቁ አንዳንድ ቦታ ከ1 ሜትር በላይ ይወርዳል። ዋልካ ላይ በ40 ሳንቲሜትር የተቀበረ ድንጋይ ማሽን ባይነካውም ከአፈሩ ጋር ይነሳል፣ ይወርዳል። ስለዚህ በዚያ አካባቢ ድንጋይ መትከል ማለት ስንጥቁ ከሚደርስበት በታች ማውረድ፣ ቢቻል ዐለት ላይ ማሳረፍ ማለት ነው። ይህ ሲሚንቶና ጉልበት ይፈጃል። እንዲህ በድካም የቆመን ድንጋይ አንድ የሎደር ባልዲ በሰከንድ ሲያነሳው ማየት ምን ያህል እንደሚያበግን ሥራውን የሠራ ያውቀዋል።

አንድ ሽማግሌ ገበሬ አውቃለሁ። መሬታቸው አብዛኛው ለልማት ሄዷል። ቤታቸውና ትንሽ ጓሮ ቀርቷቸዋል። እኛ ባለሦስት እግሩን ተሸክመን ስንንከራተት አይተው ጠሩኝ።

«ልጄ፣ ምን ጠፋባችሁ?»

«አባባ፣ እዚህ አካባቢ ሲሚንቶ ነበር። ቁጥር ያለው።»

«እሱማ ከግራሩ ወደ ታች ነው። በዚህ በኩል ስትቆም የቤተ ክርስቲያኑን ጉልላት በሁለቱ ባሕር ዛፎች መሀል ካየኸው፣ እግርህ ሥር ነው።»

ግራሩ ከተቆረጠ ቆይቷል። ባሕር ዛፎቹ ግን አሉ። ባሉት ቦታ ቆምኩ፣ ጉልላቱን በመሀላቸው አገኘሁት። ቆፈርን። ድንጋዩ የተደለደለ አፈር ሥር ቆሞ ጠበቀን። አልተነካም።

እኚህ ሰው ትምህርት ቤት ገብተው ቅየሳ አልተማሩም። ያደጉት ግን መሬት በዓይን፣ በዛፍና በወንዝ በሚታወስበት ዘመን ነው። የአያቶቻቸው መሬት በቀላድ፣ በመለኪያ ገመድ፣ የተለካ ነው። 1 ጋሻ ወደ 40 ሄክታር ነበር፤ ድንበሩን የሚያውቁት ደግሞ የአካባቢው አዛውንቶች ናቸው። በ1967 ዓ.ም. መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ሆነ፤ ገባር ቀረ፣ ባላባት ቀረ። ድንበር የሚያስታውስ ሽማግሌ ግን አልቀረም። ከዚያን ቀን ወዲህ አዲስ ቦታ ስገባ መጀመሪያ የምጠይቀው የወረዳ ፋይል አይደለም። እዚያ የተወለደ ሰው ማን እንዳለ ነው። ፋይሉን በኋላ አየዋለሁ።

«አሁንማ ጂፒኤስ አለ፣ ድንጋይ ምን ያደርጋል?» የሚለኝ ሰው ብዙ ነው። መሐንዲሶችም ይሉኛል። ጥያቄው ተገቢ ነው። ስለዚህ ረጋ ብዬ ልመልስ።

ኪስህ ውስጥ ያለው ስልክ ሜዳ ላይ ጥሩ ከሆነ በጥቂት ሜትር ስህተት ያለህበትን ይነግርሃል። ታክሲ ለመጥራት በቂ ነው፣ ድንበር ለማቆም አይሆንም። እኛ የምንይዘው ትልቁ መሣሪያ በሳንቲሜትር ይለካል። ግን እሱም አንዱን ክፍል የታወቀ ድንጋይ ላይ አቁመን ነው ሌላውን ይዘን የምንዞረው። የቆመበት ድንጋይ ቁጥሩ ከተሳሳተ የለካነው ሁሉ አብሮት ይሳሳታል። ሳተላይቱ አይቆጣም፣ ስክሪኑም ቀይ አያበራም። ሁሉም ነገር እርስ በርሱ የገጠመ ይመስላል፤ መሬቱ ላይ ግን ተንሸራቷል።

በዚያ ላይ የዘመኑ ሳተላይት የሚሰጠው ቁጥርና የድሮው የአዲንዳን ቁጥር አንድ አይደሉም። አዲስ አበባ አካባቢ በሁለቱ መሀል ያለው ልዩነት ከ200 ሜትር ይበልጣል። በድሮው ሥርዓት የተሠራ ፕላን፣ በአዲሱ የተለካ መሬት፣ በመሀል ደግሞ ድልድይ የሚሆን ድንጋይ ጠፍቶ ሲገኝ ምን እንደሚመስል አስቡት። ሁለቱን የምናገናኘው በሁለቱም ሥርዓት ቁጥር ባላቸው ድንጋዮች ነው። እነሱን ስናጠፋ የድሮዎቹ ፕላኖች ሁሉ ዕውር ይሆናሉ።

ምድሪቱ ራሷም ዝም ብላ አልተቀመጠችም። አዲስ አበባ የቆመችው በስምጥ ሸለቆው ምዕራባዊ ጠርዝ አካባቢ ነው። ሸለቆው በዓመት 5 ሚሊሜትር ገደማ ይሰፋል። በ2017 ዓ.ም. ታኅሣሥና ጥር ፈንታሌ አካባቢ የነበረው መንቀጥቀጥ ፎቅ ላይ ለምንኖረው ሁሉ ተሰምቶናል። መሬት ምን ያህል እንደሄደ የሚታወቀው ቀድሞ የተለካ፣ ከዚያ በኋላም ያልተነካ ነጥብ ሲኖር ነው። ይህ ከአጥር ክርክር የሰፋ ጉዳይ ስለሆነ እዚህ ላይ ልተወው።

የአጥሩ ክርክር ግን የሰው ሕይወት ነው። 10 በ15 ሜትር የሆነ ቦታ እንውሰድ። በ15 ሜትሩ ጎን ድንበሩ በ30 ሳንቲሜትር ቢገፋ 4.5 ካሬ ሜትር ሄደ። ለትልቅ ኩባንያ ምንም አይደለም። 150 ካሬ ላይ ለሚኖር ቤተሰብ ግን መጸዳጃ ቤቱ ናት፣ ወይም ልጅየው ሱቅ ሊከፍትባት ያሰባት በር ናት። ለካሳም ያው ነው፤ ገበሬው የሚከፈለው በተለካው ልክ ነው። ድንጋዩን የሰበረው ማሽን ሥራውን ጨርሶ ሌላ ሳይት ሲሄድ ዕዳው እዚያው የሚኖሩት ላይ ይቀራል። የምቆረቆረውም ለዚህ ነው።

እና ምን ይደረግ? ውድ ነገር አይደለም። ትልቁ ነገር ሰዓቱ ነው። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንዳይሆን፣ ከዶዘሩ በፊት መድረስ ያስፈልጋል። ቀያሹ ወደ ሳይት የሚጠራው ብዙ ጊዜ ጠረጋው ካለቀ በኋላ ነው፤ «ቦታው ተዘጋጅቷል፣ ናና ቀይስ» ይባላል። ያኔ የሚድነው ነገር አልቋል። ቀያሹ መሄድ ያለበት ሣሩ ሳይነካ፣ የድሮውን ፕላን ይዞ፣ የአካባቢውን ሰው ይዞ ነው። ያገኘውን ድንጋይ ሁሉ ይለካል፣ ፎቶ ያነሳል፤ እርስ በርሳቸው መግጠማቸውንም ያረጋግጣል።

ቀጥሎ ለእያንዳንዱ ድንጋይ ምስክር ያቆምለታል። ከሥራው ክልል ውጭ የማይነቃነቁ አራት ነገሮች ይመርጣል፤ የግንብ ማዕዘን፣ ዐለት፣ የድልድይ ክንፍ። ከእያንዳንዳቸው እስከ ድንጋዩ ያለውን ርቀት በሜትር ለክቶ ንድፍ ላይ ያሰፍራል። ነገ ድንጋዩ ቢሄድ፣ ከአራቱ እየለካ መልሶ ያገኘዋል። የመብራት እንጨት አይመረጥም፤ ይነቀላል፣ ይቀየራል። ዛፍም አይመረጥም። የንድፉ ቅጂ ደግሞ በአንድ ሰው ላፕቶፕ ውስጥ መቅረት የለበትም። ለአማካሪው፣ ለተቋራጩ፣ ለመሬት ይዞታ ቢሮው ይሰጥ።

አጥሩ ቀላል ነው። አፈር የተሞላ በርሜል፣ ወይም ዙሪያውን የተተከለ የባሕር ዛፍ እንጨት፣ ነጭና ቀይ ቀለም። ሌሊት ሲኖትራክ የሚመላለስበት ከሆነ የሚያንጸባርቅ ነገር ይጨመርበት። ፌሮውን ግን ረጅም አድርጎ አለማስቀረት ነው፤ ረጅም ፌሮ ፍየል ይታሰርበታል፣ ሲመሽ ደግሞ ቁራሌው ይወስደዋል።

ከአጥሩ ይልቅ እኔ የማምነው ሰውን ነው። ኦፕሬተሩንና ረዳቱን ድንጋዩ ጋ ወስዶ በአካል ማሳየት። ስብሰባ ላይ ፎርማኑ ሰማ ማለት የማሽኑ መሪ ላይ ያለው ሰው ሰማ ማለት አይደለም። ኦፕሬተሮች ተቀያያሪ ናቸው፤ አዲስ ሲመጣ እንደገና ማሳየት ነው። ዘበኛውንም እንዲሁ። ዘበኛ ሌት ተቀን እዚያ ነው፣ ማን ምን እንደነካ ያያል። አንድ ዘበኛ «ጋሼ፣ ትናንት ማታ ግሬደሩ ያንን ድንጋይ ሊነካው ሲል ጮኼ አስቆምኩት» ብሎኛል። ይህን ያደረገው ድንጋዩ ለምን እንደሚጠቅም ቁጭ ብለን ስላወራን ነው።

ወረቀቱም አለ። የከተማ መሬት ይዞታ በሕጋዊ ካዳስተር፣ ማለትም በይዞታ ካርታና መዝገብ፣ እንዲመዘገብ በ2006 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 818/2006 ወጥቷል፤ ለካዳስተር ቅየሳውም ደንብ ቁጥር 323/2006 ወጥቶለታል። ብዙ ፕሮጀክቶቻችን የሚጠቀሙበት የ1999 እ.ኤ.አ. የፊዲክ (የዓለም አቀፍ አማካሪ መሐንዲሶች ፌዴሬሽን) መደበኛ ውልም በአንቀጽ 4.7 ተቋራጩ ሥራውን ከተሰጡት መነሻ ነጥቦች ተነስቶ እንዲቀይስ፣ አቀማመጡ ቢሳሳት እንዲያርም ይጠይቃል። እና ችግሩ የት ነው? በእኔ እይታ ዋጋ ዝርዝሩ ላይ ነው። ጠረጋ በካሬ ሜትር ይከፈላል፣ ቁፋሮ በሜትር ኩብ ይከፈላል። ድንጋይ መጠበቅ ግን ራሱን የቻለ መስመር የለውም፤ «አጠቃላይ ግዴታ» ውስጥ ተደብቆ ይቀራል። ብር ያልተያዘለትን ሥራ ሳይት ላይ የሚያስታውስ የለም። ተቋራጩን ብቻ አልወቅስም። እንዲያስታውስ አላደረግነውም።

ስለዚህ ጨረታ ሰነድ የምታዘጋጁ አማካሪዎች፣ የምለምናችሁ ይህን ነው። ከጠረጋው በፊት አንድ መስመር ጨምሩ፦ ነባር ነጥቦችን መፈለግ፣ መለካት፣ ምስክር ማቆም፣ ማጠር። በቁጥር፣ በነጠላ ዋጋ። የጠረጋው የመጀመሪያ ክፍያ ንድፉና ፎቶው ሳይገባ አይለቀቅ። መነሳት ያለበት ድንጋይ ካለም፣ ባለቤት የሆነው ተቋም ተጠይቆ፣ አዲሱ ተተክሎና ተለክቶ፣ ከዚያ በኋላ አሮጌው ይነሳ። ቅደም ተከተሉ ከተገለበጠ ዋጋ የለውም።

ከተማ ዳር ለምትኖሩ ደግሞ፦ ከአጥራችሁ ሥር ወይም መንገድ ዳር ቁጥር የተጻፈበት ኮንክሪት ካለ ፎቶ አንሱት። ፎቶው ላይ ቤታችሁ ወይም አንድ የሚታወቅ ነገር አብሮ ይግባ። ማሽን ሲመጣ ለፎርማኑ ቀድማችሁ አሳዩት። ወድቆ ካገኛችሁት አትትከሉት፤ እንደወደቀ ተዉትና ለወረዳው የመሬት ይዞታ ጽሕፈት ቤት ተናገሩ። የነበረበት ጉድጓድ ካልተደፈነ ቀያሽ ሲደርስ ብዙ ነገር ያነብበታል።